ጁልየት ጎርደን ሎው፥ የአሜሪካ ሴት ስካውቶች መሥራች

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት፥ በመታሰቢያው መጽሐፍ ላይ የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ ብዙ ስሞች ወደ አሳባችን መጡ። አንዳንዶቻችን ንጉሥ፥ አንዳንዶቻችን ሐኪም፥ አንዳንዶቻችንም የጦር አለቃ ይሁን አልን። ከብዙ ክርክር በኋላ ግን የአንዲት ሴት ታሪክ አሸነፈ። ይህች ሴት ጆሮዎችዋ በደኅና የማይሰሙ፥ ትዳርዋ የፈረሰባት፥ ልጅ ያልወለደች፥ ዕድሜዋም ከሃምሳ ዓመት ያለፈ ስትሆን፥ ሌላው ሰው ስለ ዕረፍት በሚያስብበት በዚያ ዕድሜ የሕይወትዋን ዋና ሥራ ጀመረች። ስምዋ ጁልየት ጎርደን ሎው ይባላል። እርስዋን የመረጥንበትን ምክንያት አንባቢያችን እስከ መጨረሻው ቢከተለን ይረዳልናል ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጁልየት ኦክቶበር 31 ቀን 1860 ዓ.ም. በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት፥ በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በምትገኘው በሳቫና ከተማ ተወለደች። ጊዜው በአገራችን ዐፄ ቴዎድሮስ የነገሡበት ዘመን ነበረ። ከስድስት ልጆች ሁለተኛይቱ ስትሆን፥ ቤተ ሰቦችዋ በአንዲት አበባ ስም ዴዚ እያሉ ይጠሩዋት ነበር። አባትዋ ዊልያም ጎርደን የታወቀ የጥጥ ነጋዴ ነበረ። በዚያን ዘመን በዚያ አገር ጥጥ የሚያለሙት ከአፍሪካ በግድ የተወሰዱ ባሮችና የባሮች ልጆች ነበሩ። ስለዚህ የቤቱ ሀብት ከየት እንደ መጣ ሳንናገር ማለፍ አይገባንም።

ልጅቱ ገና ነፍስ ሳታውቅ በአሜሪካ የሰሜኑና የደቡቡ ክፍል ጦርነት ተነሣ፤ ከ1861 እስከ 1865 ዓ.ም. ድረስም ቆየ። አባትዋ ከደቡብ ጦር ጋር ዘመተ። እናትዋ ኤሊነር ኪንዚ ግን በሰሜን የምትገኘው የቺካጎ ተወላጅ ስለ ነበረች ወንድሞችዋ በሰሜን ጦር ውስጥ ነበሩ። በዲሴምበር 1864 የጄኔራል ሸርማን ጦር ሳቫናን ያዘ። ከዚያም በኋላ በ1865 እናቲቱ ልጆችዋን ይዛ ወደ ወላጆችዋ ወደ ቺካጎ ሄደች። እንግዲህ ዴዚ ፊደል ከመቁጠርዋ በፊት፥ አንድ ቤተ ሰብ በሁለት ወገን ተከፍሎ ሲዋጋ ምን ማለት እንደ ሆነ በቤትዋ ውስጥ አይታለች።

ከጦርነቱ በኋላ ቤተ ሰቡ ወደ ሳቫና ተመለሰ፤ ልጅቱም እየተጫወተች፥ ሥዕል እየሣለች፥ እንስሳትን እየወደደች አደገች። በልጅነትዋ ከእኩዮችዋ ጋር የረጂ እጆች ማኅበር የሚባል አቋቁማ፥ ከኢጣልያ ለመጡ ድኆች ልጆች ልብስ ይሰፉ ነበር። ነገር ግን ከልጆቹ አንዳቸውም መርፌ በደንብ መያዝ ስለማያውቁ ስፌቱ ወዲያው ይተረተር ነበርና፥ ወንድሞችዋ የማኅበሩን ስም ለውጠው የማይረዱ እጆች እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ይህ ነገር ትንሽ ቢመስልም ኋላ ለሠራችው ሥራ ትምህርት የሚሆን ነው። በጎ ፈቃድ ብቻውን ልብስ አይሰፋም፤ ለመርዳት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሙያውን መማር አለበት። ጁልየት በቨርጂንያ ባሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶችና በኒው ዮርክ በነበረ በአንድ የፈረንሳይ ሴቶች ትምህርት ቤት ተማረች። በዚያ ዘመን ግን ለባለጸጋ ልጅ የሚሰጠው ትምህርት ጥሩ ባል ለማግኘት የሚያዘጋጅ እንጂ ለሥራ የሚያሰናዳ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ መከራ ተከታተለባት። በ1885 ዓ.ም. አንድ ጆሮዋ ታመመባት። ሐኪሙ ሲልቨር ናይትሬት የሚባለውን መድኃኒት እንዲያደርግላት እርስዋ ራስዋ ለመነችው፤ መድኃኒቱም ጆሮዋን እጅግ ጎዳው። በሚቀጥለው ዓመት፥ ዲሴምበር 21 ቀን 1886፥ ዊልያም ማካይ ሎው የሚባለውን የባለጸጋ ልጅ አገባች። በአገራቸው ልማድ ሙሽሮች ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሩዝ ይበተንባቸዋል። ከዚያ ሩዝ አንዲት ፍሬ በደኅነኛው ጆሮዋ ገባች። ፍሬዋን ለማውጣት ሲሞከር የጆሮዋ ታምቡር ተቀደደ። በዚህ ምክንያት በሠርግዋ ሰሞን አንዱ ጆሮዋ ፈጽሞ ደነቆረ፤ በሌላውም የምትሰማው በጭንቅ ብቻ ሆነ።

ባልና ሚስቱ ኑሮዋቸውን በእንግሊዝ አገር አደረጉ። ቤታቸው ሰፊ፥ እንግዳቸው ብዙ፥ ግብዣቸው የማያቋርጥ ነበር። ጁልየት ግን ሥራ ፈት ሆና መቀመጥ አልሆነላትም። ሥዕል ትሥላለች፥ እንጨት ትጠርባለች። ከዚያም አልፋ የብረት ሥራ ተምራ፥ በዌልስቦርን ለሚገኘው ቤትዋ የብረት በር በገዛ እጅዋ ቀጠቀጠች። በ1898 ዓ.ም. አሜሪካና እስፓኝ በተዋጉ ጊዜም ወደ አገርዋ ተመልሳ፥ በፍሎሪዳ ለታመሙ ወታደሮች በተዘጋጀ ሆስፒታል ከእናትዋ ጋር አገለገለች።

ትዳርዋ ግን እየፈረሰ ሄደ። ባልዋ ሌላ ሴት ወደደ፤ ሁለቱም ተለያይተው የፍቺው ነገር ሳያልቅ በ1905 ዓ.ም. ሞተ። ኑዛዜው ሲነበብ የሀብቱ አብዛኛው ክፍል ለዚያች ሴት የተሰጠ ሆኖ ተገኘ። ጁልየት በሕግ ተከራክራ ከብዙ ድካም በኋላ በሳቫና ያለውን ቤትና የምትኖርበትን ገንዘብ አገኘች። ያን ጊዜ 44 ዓመትዋ ነበር። ከዚያም በኋላ ለጥቂት ዓመታት ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወረች፥ ቅርጽ መቅረጽ እየተማረች፥ ምን ልሥራ በሚል አሳብ ስትጨነቅ ኖረች። ይህን ክፍል ስናነብ እጅግ አስገረመን። ስማቸው የገነነ ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ መንገዳቸውን ያወቁ ይመስለን ነበርና።

በ1911 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከጄኔራል ሮበርት ቤደን ፓወል ጋር ተዋወቀች። ይህ ሰው በ1907 ጥቂት ወንዶች ልጆችን ወደ አንዲት ደሴት ወስዶ በድንኳን በማሳደርና የተለያየ ሙያ በማስተማር የስካውትን ሥራ የጀመረው ነው። በ1909 ዓ.ም. በለንደን ስካውቶች በተሰበሰቡ ጊዜ፥ ያልተጠሩ ልጃገረዶችም የስካውት ልብስ መሳይ ለብሰው መጡና እኛም ስካውት ነን አሉ። ስለዚህ በ1910 ጋይድ የሚባለው የሴቶች ማኅበር ተመሠረተ፤ የጄኔራሉም እኅት ኤግነስ መሪው ሆነች። ጁልየት ይህን በሰማች ጊዜ ለብዙ ዓመት የፈለገችውን ነገር ያገኘች መሰላት።

ሥራውን የጀመረችው በስኮትላንድ፥ ግሌን ላየን በሚባል ተራራማ ሸለቆ ነው። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ሰባት ልጆች ሰበሰበች። ሁሉም የድኆች ልጆች ስለ ነበሩ አድገው ወደ ፋብሪካ ለመሄድ ይገደዱ ነበር። ጁልየት ካርታ ማንበብንና ለቆሰለ ሰው የመጀመሪያ ርዳታ መስጠትን ብቻ አላስተማረቻቸውም። ዶሮ ማርባትንና ሱፍ መፍተልን አስተማረቻቸው፤ የፈተሉትንም በለንደን የሚገዛ ሰው ፈለገችላቸው። ሱፍ መፍተልን እርስዋ ራስዋ ስለማታውቅ አስቀድማ ተማረች። የረጂ እጆች ማኅበር ስፌት ያስተማራትን ነገር እንዳልረሳች በዚህ እናውቃለን።

በ1912 ዓ.ም. መጀመሪያ በመርከብ ወደ አገርዋ ተመለሰች። ሳቫና እንደ ደረሰች የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ኀላፊ ለነበረችው ዘመድዋ ለኒና ፔፕ በስልክ ደውላ፥ ለከተማው ልጆች፥ ለአሜሪካም ለዓለምም የሚሆን ነገር ይዛ መምጣትዋንና ሥራው ዛሬውኑ እንዲጀመር መፈለግዋን እንደ ነገረቻት ይተረካል። ማርች 12 ቀን 1912 ዓ.ም. 18 ልጃገረዶች ስማቸውን አስመዘገቡ። ሰረገላ ይቆምበት የነበረው የቤትዋ ጓሮ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ሆነ። ከዚያ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ቅርጫት ኳስ ይጫወቱ ነበር፤ መንገደኛ እንዳያያቸው ግን በሜዳው ዙሪያ መጋረጃ ተጋርዶ ነበር። ልጃገረድ በአደባባይ መሮጥዋ እንደ ነውር ይቈጠር የነበረበት ጊዜ ነውና። ዋልተር ሆክሲ የሚባል ስለ ወፎችና ስለ እንስሳት አዋቂ የሆነ ሽማግሌም ልጆቹን ወደ ዱር እየወሰደ ያስተምራቸው ነበር፤ በ1913 ለታተመው የመጀመሪያው መመሪያ መጽሐፍም ዋናው አዘጋጅ እርሱ ነበር።

እዚህ ላይ የማኅበሩን አሠራር በአጭሩ ብንገልጥ መልካም ነው። ልጆቹ ስምንት በሚያህል ትንሽ ቡድን ይከፈላሉ። ቡድኑ ከመካከሉ አንዲቱን መሪ አድርጎ ይመርጣል። እርስዋም የቡድንዋን ሥራ ታከፋፍላለች፥ የደከመችውን ትደግፋለች፥ ጥፋት ሲገኝም ከሌሎች የቡድን መሪዎች ጋር ተቀምጣ ትመክራለች። ትልቅዋ ሴት፥ ማለት የማኅበሩ አለቃ፥ ትመክራለች እንጂ በልጆቹ ፈንታ አትሠራም። አንዲት ልጅ አንድ ሙያ ተምራ በፈተና ስታሳይ የዚያን ሙያ ምልክት በልብስዋ ላይ ትሰፋለች። ከእነዚህ ሙያዎች ውስጥ የወጥ ቤት ሥራና የሕፃናት እንክብካቤ ነበሩ፤ ደግሞም የኤሌክትሪክ፥ የቴሌግራፍና የአውሮፕላን ዕውቀት ነበሩባቸው። የአሜሪካ ሴቶች በመላው አገሪቱ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1920 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ ግን በሳቫና ጓሮ ውስጥ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች መሪያቸውን ይመርጡ ነበር።

በ1913 የማኅበሩ ስም ሴት ስካውቶች ተባለ፤ ዋናው ጽሕፈት ቤትም በዋሽንግተን ተከፈተ። የወንዶቹ ስካውት አለቃ የነበረው ጄምስ ዌስት ስካውት የሚለው ስም ለሴቶች አይገባም ብሎ ለብዙ ዓመት ቢቃወምም ጁልየት ስሙን አለቀቀችም። በ1915 ዓ.ም. ማኅበሩ በሕግ ሲቋቋም የመጀመሪያይቱ ፕሬዚዳንት ሆነች። ጽሕፈት ቤቱም በ1916 ወደ ኒው ዮርክ ተዛወረ።

ገንዘቡ ከየት መጣ ቢባል፥ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዛኛው ከእርስዋ ኪስ ነበር። በ1914 ዓ.ም. ገንዘብ ሲያጥር የአንገትዋን የዕንቍ ሐብል ሸጣ 8,000 ዶላር ያህል ለማኅበሩ ሰጠች። ስለ እርስዋ የሚያስቁ ታሪኮችም ይነገራሉ። ባለጸጎች በተሰበሰቡበት ግብዣ ላይ ባርኔጣዋን በካሮትና በቅጠል አስጊጣ ትገባና፥ ሰዎች ሲገረሙ ገንዘብዋን ሁሉ ለልጆቹ ስለ ሰጠች ጌጥ መግዛት እንዳልቻለች ትነግራቸዋለች። አንዲትን ሴት ለሥራው ስትለምን ሴቲቱ ጊዜ የለኝም ብትል፥ ጁልየት መደንቈርዋን ምክንያት አድርጋ እምቢታውን እንዳልሰማች ሆና፥ አመስግናት የሥራውን ቀን ቈርጣ ትሄዳለች። ትልቅ ጉዳት የነበረውን ነገር ለበጎ ሥራ መሣሪያ አደረገችው።

ይህ ልመናዋ ከገንዘቡ ይልቅ የሚፈልገው ሰው ነበር። ምንም ያህል ሀብት ቢኖር፥ በየሳምንቱ ያለ ደመወዝ መጥታ ከልጆች ጋር የምትቀመጥ ሴት ካልተገኘች ማኅበሩ አይቆምምና። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባላል። አስተማሪዎች፥ የቤት እመቤቶች፥ ነርሶችም ሥራውን ተካፈሉት። ኋላ የፕሬዚዳንት ሁቨር ባለቤት የሆነችው ሉ ሄንሪ ሁቨር በ1917 ዓ.ም. በዋሽንግተን የአንድ ትንሽ ማኅበር አለቃ ሆና ጀምራ፥ በ1922 የመላው ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆናለች። በዚያው በ1917 ዓ.ም. በኦክላሆማ፥ መስኮጊ በምትባል ከተማ ያሉ ልጆች ለሥራቸው ወጪ ብስኩት ጋግረው ሸጡ፤ ዛሬ በአሜሪካ ሁሉ የታወቀው የሴት ስካውቶች ብስኩት ሽያጭ ከዚያ የመጣ ነው።

እውነተኛ ታሪክ መልካሙን ብቻ አይናገርም። ማኅበሩ ለሁሉም ልጃገረዶች ነው ቢባልም፥ በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ጥቁሮችና ነጮች ተለይተው እንዲኖሩ ሕጉና ልማዱ ያስገድድ ስለ ነበር፥ በመሥራችዋ የትውልድ አገር በሩ ለጥቁር ልጆች ብዙ ዘመን ተዘግቶ ቆየ። ጁልየትም ይህን ልማድ አልሰበረችውም። ጆሴፊን ሆሎወይ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት በ1933 ዓ.ም. በናሽቪል ከተማ ለጥቁር ልጃገረዶች ማኅበር ለማቋቋም ብትጠይቅ ተከለከለች። እርስዋ ግን ተቈጥታ አልተወችም፤ ሳትመዘገብ ልጆቹን በራስዋ ማስተማር ቀጠለች። በ1942 ዓ.ም. ማኅበርዋ ታወቀላት፤ በ1944ም ደመወዝተኛ ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች። በእኛ አስተያየት ጁልየት የጀመረችውን ሥራ በትክክል የፈጸሙት እንደ ሆሎወይ ያሉት ናቸው። መሥራች በሩን ይሠራል፤ በሩን እስከ መጨረሻው የሚከፍተው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው።

ጁልየት በ1920 ዓ.ም. ፕሬዚዳንትነቱን ለሌሎች ለቃ መሥራች በሚለው ስም ብቻ ማገልገል ጀመረች። በ1923 ዓ.ም. የጡት ካንሰር እንዳለባት ታወቀ። ሕመምዋን ከብዙ ሰዎች ሰውራ ሥራዋን ቀጠለች። የልዩ ልዩ አገር ሴት ስካውቶችና ጋይዶች በአሜሪካ እንዲሰበሰቡ ትመኝ ስለ ነበር፥ ጉባኤው ሳይዘገይ በ1926 እንዲሆን አጥብቃ ለመነች። ጓደኞችዋ ለምን እንደ ቸኰለች አላወቁም። በሜይ 1926 በኒው ዮርክ አጠገብ በሚገኝ ሰፈር ከብዙ አገሮች የመጡ እንግዶች ተሰበሰቡ። በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 22 ቀን በዓለም ያሉ ስካውት ልጃገረዶች እርስ በርሳቸው የሚተሳሰቡበት ቀን እንዲሆን የተወሰነውም በዚያ ነው።

ጃንዋሪ 17 ቀን 1927 ዓ.ም. በሳቫና፥ በ66 ዓመትዋ ሞተች። የስካውት ልብስዋን ለብሳ፥ ከአሜሪካ ስካውቶች ሁሉ የመጀመሪያይቱም የተሻለችይቱም መሆንዋን የሚገልጥ ከጓደኞችዋ የመጣ ቴሌግራም በኪስዋ ተደርጎ ተቀበረች። በ18 ልጆች የተጀመረው ማኅበር በዚያን ጊዜ ከ160 ሺህ የሚበልጡ አባሎች ነበሩት። በ1928 ዓ.ም. የዓለም ጋይዶችና ሴት ስካውቶች ኅብረት ተመሠረተ፤ ዛሬ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ይሠራል። በ2012 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ለጁልየት ከፍተኛውን የሲቪል ሜዳልያ ሰጣት።

አሁን እርስዋን የመረጥንበትን ምክንያት እንናገር። ታናናሾች ሆነን በሚስዮን ትምህርት ቤት ስንማር፥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት የሰፈር እናት ያለ ምንም ክፍያ እየመጡ የሴት ልጆችን ክበብ ይመሩልን ነበር። በሰው ፊት ቆመን መናገርን፥ የክበቡን ሣንቲም ቈጥረን በደብተር መጻፍን፥ የተጣሉትን ማስታረቅን የተማርነው ከእርሳቸው ነው። እርሳቸው ከሰፈሩ በሄዱ ጊዜ በቦታቸው የሚቆም ሰው ጠፋና ክበቡ ተዘጋ። ያን ጊዜ የተቀየምነው በትልልቆቹ ነበር። ዛሬ ግን የአሥራ ስምንት ዓመት ሰዎች ሆነናል፤ ትልልቆቹ እኛ ነን።

በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ከእኛ መካከል ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ፥ ሥራ የሚይዝ፥ ወደ ወላጆቹም የሚመለስ አለ። ሁላችንም ጊዜ የለንም ለማለት በቂ ምክንያት አናጣም። ጁልየት ሎውም ጆሮዋን፥ ዕድሜዋንና ኀዘንዋን ምክንያት አድርጋ በቤትዋ ብትቀመጥ ማንም አይወቅሳትም ነበር። ስለዚህ በመጨረሻው ክፍል ያለን ሴት ተማሪዎች ተመካክረን፥ በያለንበት በሳምንት አንዲት ሰዓት ለታናናሽ እኅቶቻችን ለመስጠት ተስማምተናል። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ያላችሁ እኅቶቻችንም በየቡድናችሁ መሪያችሁን ራሳችሁ ምረጡ፤ እኛም ስትጠሩን እንመጣለን። የጠራችሁን እንደ ሆነ ያልሰማን ብንመስል፥ እምቢታን እንጂ ጥሪን የማትሰማ ሴት እንዳልነበረች አስታውሱን።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ እንመኛለን።